ሚኒሞ ላይ ይንቀጫቀጭ የነበረ ሞተር አሁን ማፏጨት ጀመረ

ባለ ሁለት ጎማ
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሞተሬ 150 ሲሲ ናት፤ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የምትቀዘቅዝ። 38,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ከ2 ወር በፊት ጠዋት ስትነሳ በግራ በኩል፣ ከሲሊንደሩ አካባቢ ድምፅ ማሰማት ጀመረች። ቆርቆሮ ውስጥ ሳንቲም ከተው ሲያንቀጫቅጩት የሚሰማው ዓይነት ነው። መጀመሪያ ስትሞቅ ይጠፋ ነበር። በኋላ ግን ሞቃም ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ አልለቅ አላት። ነዳጅ ስሰጣት ዝም ትላለች፤ ስለቅላት ዙሩ ሲወርድ ክርርር ብሎ ይመለሳል።

አንድ ወዳጄ «የታይሚንግ ካቴናው ላልቷል። መወጠሪያው አውቶማቲክ ስለሆነ ሁለቱን ብሎኖች ትንሽ አላልተህ መልሰህ እሰር፣ ራሱ ይስተካከላል» አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። እውነትም ድምፁ ወዲያው ጠፋ! ደስ ብሎኝ 2 ቀን ነዳኋት። አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ዙር በጨመርኩ ቁጥር ዊዊዊ እያለች ታፏጫለች። ምን ነካኋት?

ፈጣኑ
ሄልሜትህን ጠበቅ አድርገህ እሰር፣ ምንም አይሰማህም።

አዲስ ጀማሪ
ካቴና ሲላላ እኮ የኋላ ጎማውን ዳዶ አላልተህ ጎማውን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ለምን ታካብዳላችሁ?

ጆሮ አይዋሽም
ያ የጎማው ካቴና ነው ወንድሜ። እየተወራ ያለው ሞተሩ ውስጥ ስላለው ነው። ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ (ክራንኩን) እና ላይ የሲሊንደሩ ራስ (ቴስታታው) ውስጥ ያለውን ካምሻፍት የሚያገናኘው ቀጭኑ ካቴና። ቫልቮቹ በሰዓታቸው የሚከፈቱትና የሚዘጉት በእሱ ነው። ክራንኩ 2 ጊዜ ሲዞር ካሙ 1 ጊዜ ይዞራል።

ባለ ሁለት ጎማ፣ መጀመሪያ የነበረው ድምፅ ከካቴናው መሆኑን በምን አረጋገጥክ? ግራ ጎን ሲንኳኳ ሁሉም «ካቴና ነው» ማለት ይቀናዋል። ፍሪሲዮን ስትይዝ ድምፁ ከተለወጠ ከካቴናው ሳይሆን ከፍሪሲዮኑ ወይም ከማርሹ በኩል ነው። ቲክ ቲክ ቲክ እያለ እንደ ሰዓት እኩል የሚመታ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ነው። ጭነት ላይ ስትሆን የሚጎላ፣ ዶቅ ዶቅ የሚል ወፍራም ድምፅ ከሆነ ደግሞ ከታች ነው፤ እሱ ያስፈራል። ማርሚታው ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲያፈስም ቫልቭ የሚመስል ድምፅ ያወጣል፤ እኔ በዚህ ተሸውጄ ቫልቭ ሳስተካክል ውዬ አውቃለሁ።

የካቴናው ድምፅ ምት የለውም። ዝም ብሎ ይንኮሻኮሻል። ሚኒሞ ላይ ይብሳል፣ ዙር ሲጨምር ይደበቃል፣ ነዳጅ ስትለቅ ይመለሳል። ረጅም ካቻቢቴ ወስደህ ጫፉን መወጠሪያው ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርግ። ከዚያ ቴስታታው ላይ፣ ከዚያ የፍሪሲዮኑ ክዳን ላይ። የት እንደሚጮህ በግልጽ ትሰማለህ። የሚዞር ነገር አጠገብ ግን ካቻቢቴውን አታስጠጋ።

ባለ ሁለት ጎማ
ፍሪሲዮን ስይዝ ምንም ለውጥ አልነበረውም። ምትም የለውም ነበር፣ ልክ እንዳልከው ይንኮሻኮሽ ነበር። የካቻቢቴውን ነገር አሁን ልሞክረው ነው።

የድሮ መካኒክ
ልጄ፣ አትሞክረው። እስክትፈታት ድረስ ሞተሯን አታስነሳት።

ወዳጅህ የነገረህ ለአንዳንድ የድሮ ሞተሮች ይሠራል። እነሱ ላይ የመወጠሪያውን ዘንግ የሚይዝ አንድ ብሎን አለ። እሱን ስታላላ ሞላው ዘንጉን ይገፋዋል፣ መልሰህ ታስራለህ፣ አለቀ። አንተ ያላላኸው ግን ሌላ ነው። መወጠሪያውን ራሱን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያስሩትን ሁለቱን ብሎኖች ነው ያላላኸው።

ዘንጉ ላይ እንደ መጋዝ የተሳሉ ጥርሶች አሉ። አንዲት ትንሽ ምላስ በጥርሶቹ መሃል ትገባለች። ዘንጉ ወደ ፊት መሄድ ይችላል፣ ወደ ኋላ ግን አትመልሰውም። ካቴናው ሲላላ ሞላው ዘንጉን ይገፋል፣ ምላሷ ቀጣዩ ጥርስ ላይ ጠቅ ትላለች። አውቶማቲክ ያሰኘው ይኸው ነው። አሁን አንተ ብሎኖቹን 2 ሚሊ አላላህ እንበል። የመወጠሪያው ቤት 2 ሚሊ ወደ ኋላ መጣ። ዘንጉ ግን ሞላው ስለሚገፋው ካቴናው ጋ እንደተደገፈ ቀረ። ያም ማለት ከቤቱ 2 ሚሊ ተጨማሪ ወጣ ማለት ነው፤ ምላሷም እዚያው ቆለፈችው። ብሎኖቹን መልሰህ ስታስር ያንን 2 ሚሊ በግድ ካቴናው ላይ ጫንከው። መመለሻ የለውም። ካቴናው እንደ ክራር ክር ተወጥሯል፤ የሚያፏጨው ለዚያ ነው።

የላላው ቢያንስ ይጮህና ያስጠነቅቅሃል። ከልክ በላይ የተወጠረው ግን ካምሻፍቱ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ካቴናው የሚንሸራተትባቸውን ፕላስቲክ የለበሱ ጋይዶች፣ ካቴናውን ራሱንም ይበላል። መጀመሪያ ድምፁ ስለጠፋ ደግሞ ሰው የዳነ ይመስለዋል።

ባለ ሁለት ጎማ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልቤ ቀጥ አለ። ሞተሯ ቆማለች፣ አልነካኋትም። እንዴት ልፍታው? እርስዎ በቅደም ተከተል ቢነግሩኝ፣ መፍቻውም ጊዜውም አለኝ።

የድሮ መካኒክ
ጥሩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ካንዴላውን አውጣ፣ ክራንኩ በቀላሉ እንዲዞርልህ።

መጀመሪያ ፒስተኑን ላይኛው ጫፍ ላይ ታቆማለህ። በግራ ክዳን ላይ ያሉትን ሁለት ክዳኖች ክፈት። በመሃለኛው ክራንኩን በመፍቻ ታዞራለህ፣ በላይኛው ትንሽ መስኮት የቮላኖውን (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለውን ባለ ማግኔት ክብ ብረት) ምልክት ታያለህ። ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ አዙር። ከግራ ሆነህ ስታየው ብዙዎቹ ወደ ግራ ነው የሚዞሩት፤ ያንተን ከማኑዋሉ (ከመመሪያ መጽሐፏ) አረጋግጥ። የቲ ምልክት መስኮቱ ላይ ካለው ጭረት ጋር ሲገጥም አቁም። አጠገቡ የኤፍ ምልክት አለ፤ እሱ የእሳቱ ሰዓት ነው፣ አያሳስትህ። አሁን የቫልቭ ክዳኖቹን ከፍተህ ቫልቮቹን የሚገፉትን ሁለቱንም ሮከሮች በጣት ነቅነቅ አድርጋቸው። ሁለቱም ትንሽ ክፍተት ካላቸው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነህ። አንዱ ከጠበቀ አንድ ሙሉ ዙር ጨምር።

መወጠሪያው ከሲሊንደሩ ኋላ፣ ከካርቡራቶሩ በኩል ነው። ለምን እዚያ ሆነ ብትል፣ የፊተኛውን የካቴናውን ጎን ክራንኩ ወደ ታች ስለሚስበው ሁልጊዜ ውጥር ነው። የሚላላው የኋላው ነው።

ከዚህ በኋላ በየዓይነቱ ይለያያል። ጀርባው ላይ መሃል ያለውን ብሎን መጀመሪያ ፍታ፤ ሁለቱን አትንካ። ከብሎኑ ጋር ረጅም ሞላ ከወጣ ባለ ምላሱ ነው። ሞላው ዓይን ላይ እንዳይዘል በእጅህ ይዘህ ቀስ ብለህ ልቀቀው። ሞላ ካልወጣና ውስጥ ለጠፍጣፋ ካቻቢቴ የምትሆን ስንጥቅ ካየህ ደግሞ የጠመዝማዛው ዓይነት ነው። እሱን በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ቀኝ ስታዞረው ዘንጉ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሁለቱን ፍታና አውጣ።

አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ክራንኩን እንዳትነካ! ማስጀማሪውንም፣ በማርሽ መግፋትንም እርሳ። ካቴናው ላልቶ ጥርስ ቢዘል ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ።

ማንዋል ይሻላል
ይህን ሁሉ ከምትለፋ ማንዋሉን፣ በእጅ የሚስተካከለውን መወጠሪያ ግዛ። አንድ ብሎን፣ አንድ ዳዶ። ሞላ የለ፣ ምላስ የለ፣ የሚበላሽ ነገር የለ። እኔ 3 ዓመት ሆነኝ።

ጆሮ አይዋሽም
አይበላሽም፣ እውነት ነው። ግን አንተ የምትረሳው ነገር አለ፤ ራሱ አይወጥርም። በየተወሰነ ኪሎ ሜትሩ አንተ ነህ የምታስታውሰው። ደግሞ ስንት ሰው ነው በጆሮው እያስተካከለ «ድምፁ እስኪጠፋ» እያለ ካቴናውን አንቆ የሚገድለው! ባለ ሁለት ጎማ የደረሰበት ያው እሱ ነው እኮ፣ በሌላ መንገድ።

ማንዋል ይሻላል
በመፍቻ የሚያጠብቅ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። በጣት ነው የሚገባው። በጣትህ እስኪነካ ታስገባለህ፣ ክራንኩን በእጅ ሁለት ዙር አዙረህ እንደገና ታያለህ፣ ከዚያ ብሎኑን ይዘህ ዳዶውን ታስራለህ። ሞተሩ ሲነሳ በጣም ትንሽ ድምፅ መስማት አለብህ። ፍጹም ዝም ካለ ጠብቋል ማለት ነው።

ጆሮ አይዋሽም
በዚህ ተስማምተናል። ለውድድርና ዙሩ ከፍ ላለ ሞተር ሰዎች ይመርጡታል፣ አልቃወምም። ለዕለት ተዕለት የሚነዳ ሰው ግን ፋብሪካው ያስገባው ጤነኛ ከሆነ አይቀየርም ባይ ነኝ።

ሮዝ ሄልሜት
ሰላም፣ ጣልቃ ልግባ። የእኔም በግራ በኩል ትንኳኳለች። ይህን ካነበብኩ በኋላ መወጠሪያውን ልፈልግ ሄድኩ። ከሲሊንደሩ ኋላ ምንም የለም! ሞተሯ የሲጂ ዓይነት ነች ብለውኛል። ከውስጥ ይሆን?

የድሮ መካኒክ
እህቴ፣ አትድከሚ፣ የለሽም። የሆንዳ ሲጂ 125 እና በእሱ አምሳል የተሠሩት ብዙ ሞተሮች የታይሚንግ ካቴና የላቸውም። ካሙ ታች ነው ያለው፣ ከክራንኩ ጋር በጥርስ ይገናኛል። ከታች ወደ ላይ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ወጥተው ሮከሮቹን ይገፋሉ። ሲሊንደሩ ላይ የሚታየው ጎርበጥ ያለ ነገር የዘንጎቹ መተላለፊያ ነው። ያንቺ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ነው የምጠረጥረው። እሱን አስለኪ። ማንም «ካቴናሽን ልቀይር» ቢልሽ መጀመሪያ የቱ ጋ እንዳለ ያሳይሽ።

ሮዝ ሄልሜት
ተብዬ ነበር እኮ! ልከፍል ምንም አልቀረኝም ነበር። አመሰግናለሁ ጋሼ።

ባለ ሁለት ጎማ
ተመለስኩ። መወጠሪያው እጄ ላይ ነው። ባለ ሞላና ባለ ምላስ ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዘንጉ ላይ ያሉትን ጥርሶች ቆጠርኩ፤ 12 ናቸው። ምላሷ 10ኛው ላይ ነበረች። ብሎኑን ማላላቴ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ እንደጨመረ እገምታለሁ። ቢሆንም ከእኔ በፊትም መጨረሻው ጋ ደርሶ ነበር ማለት ነው አይደል? ሌላው፣ ዘንጉን በአውራ ጣቴ ጠንከር አድርጌ ስገፋው አንዳንዴ አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ያመልጣል። የጥርሶቹ ጫፍ ተሞርዷል፣ ዶልዱሟል።

በደንብ ልግጠመውና ልሞክር ወይስ አዲስ ልግዛ?

የድሮ መካኒክ
ጎበዝ። በጣት የሚመለስ ባለ ምላስ መወጠሪያ ሞቷል፤ ምላሷ መያዝ አለባት። ዋናው ግን የቆጠርከው ነው። ዘንጉ መጨረሻው ጋ ከደረሰ መወጠሪያው ብቻ አይደለም ያረጀው። ካቴናው ረዝሟል፣ ወይም ጋይዱ ተበልቷል፣ ወይም ሁለቱም። አዲስ መወጠሪያ ብትገጥም ትንሽ ጊዜ ዝም ይላል፤ እሱም ቶሎ ጫፉ ይደርስና እንደገና ትጀምራለህ።

የዘይት ማጥለያውን አውጥተህ እየው። ጥቁር የፕላስቲክ ወይም የላስቲክ ፍርፋሪ ካገኘህ ጋይዱ ነው።

ፈጣኑ
ሞላውን ሳብ አድርገህ ብታረዝመው ወይ ከጀርባው ሮንደላ ብትጨምርበትስ? እኔ ጋ ሠርቷል።

የድሮ መካኒክ
ሲሠራ አይቻለሁ፤ እስከ መቼ እንደሆነ ነው የማይታወቀው። የተለጠጠ ሞላ ሲሞቅ ይደክማል። ሮንደላውም ግፊቱን ይጨምርና ጋይዱን ቶሎ ያስበላዋል። ካቴናው ከረዘመ ሞላው ምን አጠፋ?

ባለ ሁለት ጎማ
ማጥለያው ላይ ጥቁር ፍርፋሪ አለ። አራት ቁራጭ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ። ወሰንኩ፤ ካቴናውን፣ ሁለቱን ጋይዶችና መወጠሪያውን አንድ ላይ አዝዣለሁ። ጓርኒሲዮኖቹንም (መጋጠሚያዎቹ መሃል የሚገቡትን ማሸጊያዎች)።

ጆሮ አይዋሽም
ትክክል። ቮላኖው መውጣት አለበት፣ ካቴናው ከኋላው ነው። ማውጫውን ተዋስ። በመዶሻ እየመታህ እንዳታወጣው፤ ማግኔቱ ይሰነጠቃል፣ የክራንኩም ጫፍ ይጎዳል። የኋለኛው ጋይድ ከታች በብሎን ይያዛል። የፊተኛው በብዙዎቹ ሞተሮች ቴስታታው ሳይነሳ አይወጣም። ቴስታታውን ስትመልስ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ፣ በየደረጃው እሰር። ኃይሉን ከማኑዋሉ ውሰድ፣ ከሰው አፍ አይደለም። ከእኔም ጭምር።

ባለ ሁለት ጎማ
ከ9 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ረጅም ታሪክ ነው።

አሮጌውንና አዲሱን ካቴና አንድ ሚስማር ላይ ሰቀልኳቸው። አሮጌው ወደ ታች 3 ሚሊ ገደማ ይበልጣል። በዓይን ብቻ ብታዩት ምንም አይመስልም። የኋለኛው ጋይድ ግን ጉድ ነው፤ ካቴናው ሁለት ቦይ ቆፍሮበታል። ጫፉ ላይ ፕላስቲኩ አልቆ ብረቱ ታይቷል።

ሁሉንም ገጠምኩ። መወጠሪያውን ዘንጉን ሙሉ በሙሉ አስገብቼ ያለ ሞላ አሰርኩት፣ ከዚያ ሞላውንና የመሃሉን ብሎን አስገባሁ። ሲገባ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለ። ደስ የሚል ድምፅ! ካንዴላውን ሳልመልስ ክራንኩን በእጅ ሁለት ዙር አዞርኩት። ምንም አልተጋጨም። ግን የቲ ምልክቱን ገጥሜ የካሙን ስፕሮኬት (ካቴናው የሚይዘውን ባለ ጥርስ ጎማ) ሳየው ጭረቱ ከቴስታታው ፊት ጋር ትይዩ አይደለም። ትንሽ ዘንበል ብሏል። «ይሁን፣ ትንሽ ነው» ብዬ ልተወው ነበር።

የድሮ መካኒክ
አልተውከውም ብለህ ንገረኝ።

ባለ ሁለት ጎማ
አልተውኩትም ጋሼ! የእርስዎ ድምፅ መጣብኝ።

አሰብኩት። የካሙ ስፕሮኬት 34 ጥርስ አለው። 360ን ለ34 ሳካፍለው አንድ ጥርስ 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ክራንኩ ላይ ደግሞ እጥፉ፣ 21 ዲግሪ። ትንሽ የሚባል አይደለም። ስህተቴ ምን ነበር መሰላችሁ፤ ካቴናውን ስፕሮኬቱ ላይ ሳስገባ የፊተኛውን ጎን አልወጠርኩትም። መወጠሪያው ሲገባ ትርፉን ከኋላ ሳበውና ካሙ ዞረ። መልሼ ፈታሁ። የፊቱን ጎን ወጥሬ አስገባሁት። ሁለት ዙር፣ ምልክቱ ልክ። እንደገና ሁለት ዙር፣ አሁንም ልክ።

አዲስ ዘይት ሞላሁና አስነሳኋት። መንቀጫቀጭ የለ፣ ማፏጨት የለ። ግን ቲክ ቲክ ቲክ።

ጆሮ አይዋሽም
እኩል የሚመታ?

ባለ ሁለት ጎማ
እንደ ሰዓት።

ጆሮ አይዋሽም
ቴስታታው ወርዶ ወጥቷል፣ የቫልቩን ክፍተት ለካህ?

ባለ ሁለት ጎማ
…አልለካሁም።

ባለ ሁለት ጎማ
ሙሉ ሌሊት እንድትቀዘቅዝ ትቼ ዛሬ ጠዋት ለካኋት። በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካው ስስ ብረት) የማስገቢያው ቫልቭ 0.12 ሚሊ፣ የማስወጫው 0.15 ሆኖ ተገኘ። ማኑዋሌ ለማስገቢያው 0.05፣ ለማስወጫው 0.08 ይላል። አስተካከልኩ። ዳዶውን ስታስሩ ብሎኑ አብሮ ስለሚዞር እንደገና መለካት እንዳትረሱ፤ እኔ 3 ጊዜ ነው የደገምኩት።

አሁን ሚኒሞ ላይ ቆማ የምሰማው የማርሚታውን ድምፅ ብቻ ነው። ጉብታ ላይ ስወጣ አንድ ነገር ኳ ይላል፤ አየሁት፣ የኋላው የካቴና መሸፈኛ አንድ ብሎን የለውም። እሱን ግን ማንንም ሳልጠይቅ አስራለሁ።

ፈጣኑ
ስታስረው አታላላው።